በቡድሃ ትምህርት ቃል መግባት ምን ይጠቅማል? ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

ከቤሩትና ከዱባይ የተመለሱ እኅቶች፣ በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ከእስያ ሰዎች ጋር የሚውሉ ወጣቶችና በደሴ የሃይማኖቶችን ታሪክ የሚያነቡ ወዳጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝን፣ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ እመልሳለሁ።

ቡድሂስቶች የሚገቡት ቃል ምንድን ነው?

ቡድሂስት የሚሆን ሰው አስቀድሞ ሦስት መጠጊያዎች እንዳሉት ይናገራል፤ ቡድሃ፣ ዳርማ የሚባለው ትምህርቱ፣ ሳንጋ የሚባለው ማኅበሩ። ከዚያ አምስት ነገሮችን ለመተው ቃል ይገባል፤ ነፍስ ያለውን መግደል፣ ያልሰጡትን መውሰድ፣ በዝሙት ሰውን መበደል፣ መዋሸት፣ አእምሮን የሚያዘናጋ አስካሪ መጠጥ መጠጣት። ይህ የምእመኑ ድርሻ ነው። በተለዩ ቀናት የሚያዙ ስምንት፣ ለጀማሪ መነኮሳት ዐሥር፣ ለሙሉ መነኮሳት ደግሞ ከሁለት መቶ በላይ ሕግጋት አሉ።

ቃሉ የሚነገረው በራስ አንደበት ነው። ከላይ የወረደ «አትግደል» የሚል ትእዛዝ የለም፤ ሰውየው ራሱ «ከመግደል የመታቀብን ሥልጠና እወስዳለሁ» ይላል። ሥልጠና በመሆኑም ጀማሪ አለው፣ የበረታ አለው፣ ወድቆ የሚነሣ አለው።

ግሸን ማርያም እንደሚሳሉት ስእለት ነው? የሚገባውስ ለማን ነው?

ወሎ ያደገ ሰው ይህን ሳይጠይቅ አያልፍም። የታመመው ልጄ ቢድንልኝ ጃንጥላ አገባለሁ ብሎ መስከረም 21 ቀን ግሸን የሚወጣ ክርስቲያን አለ። ሙስሊሙም ለአላህ ነዝር ይገባል። በሁለቱም ቃሉን የሚቀበል አለ፤ ብዙ ጊዜም ልመና ይቀድማል፣ ምላሹ ይከተላል። በቡድሂስቱ አምስት ሕግጋት ግን የሚለመን ነገር የለም፤ የሚከፈለውም የለም። ቡድሃ መንገድ አሳይቶ ያለፈ መምህር ነው። ቃሉን የሚያስደግመው መነኩሴም ምስክርና መሪ እንጂ ስእለት ተቀባይ አይደለም። ፍሬው ከሥራው ከራሱ ይመጣል ብለው ያምናሉ።

ይህን ስል በቡድሂስት አገሮች ስእለት የለም ማለቴ አይደለም። ባንኮክ ውስጥ ኤራዋን በሚባለው፣ የሂንዱ አምላክ በሆነው በብራህማ መቅደስ ልመናቸው የሰመረላቸው ሰዎች ገንዘብ ከፍለው ዳንሰኞችን ያስጨፍራሉ። ያ ግን ሌላ ነገር ነው። ከእኛ አገር ለቡድሂስቱ ቃል የሚቀርበው ከስእለት ይልቅ ምንኩስና ይመስለኛል። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከአባ ኢየሱስ ሞአ ዘመን ጀምሮ በሐይቅ እስጢፋኖስ የመነኮሱ አባቶች ቆቡን የተቀበሉት ለአንድ ውለታ ምላሽ ብለው አይደለም፤ ኑሯቸውን በሙሉ ሊለውጡ ነው።

ሥነ ሥርዓቱ ምን ይመስላል?

ቀላል ነው። ጫማ አውልቆ፣ ተንበርክኮ፣ መነኩሴው የሚለውን እየተከተሉ ሦስቱን መጠጊያዎች ሦስት ጊዜ፣ ከዚያም አምስቱን ሕግጋት አንድ በአንድ መድገም ነው። በስሪላንካና በታይላንድ ይህ በሕይወት አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚዘጋ ነገር አይደለም፤ ምእመናን በተሰበሰቡ ቁጥር ይደገማል። በቲቤታውያን ዘንድ ደግሞ አምስቱንም መያዝ የማይችል ሰው አንዱን ወይም ሁለቱን መርጦ ቃል መግባት ይችላል። ይህ ትልቅ ማስተዋል ነው እላለሁ። የማይችሉትን ከመናገር የሚችሉትን መያዝ ይበልጣልና።

ቤሩት አብራኝ የምትሠራ ስሪላንካዊት በወር አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አትበላም ነበር። ጾም ነው?

ፖያን እያከበረች ነበር። ፖያ ጨረቃ ሙሉ የምትሆንበት ቀን ሲሆን በስሪላንካ በየወሩ የሕዝብ በዓል ነው፤ በዚያ ቀን የአልኮል መጠጥ አይሸጥም። ብዙ ምእመናን ነጭ ለብሰው ስምንቱን ሕግጋት ለአንድ ቀንና ሌሊት ይይዛሉ። አምስቱ እንዳሉ ሆነው ሦስተኛው ይበልጥ ጥብቅ ይሆናል፤ በዚያ ቀን ከትዳር አጋር ጋር እንኳ ሩካቤ የለም። ከቀትር እስከ ንጋት ምግብ አይበላም። ዘፈን፣ ጭፈራ፣ ሽቶና ጌጥ ይተዋሉ። ከፍ ባለና በተንደላቀቀ አልጋም አይተኛም።

ሰዓቱ ከእኛ የተገላቢጦሽ ነው። የኦርቶዶክስ ጿሚ እስከ ቅዳሴ መውጫ፣ የረመዳን ጿሚ እስከ ፀሐይ መግቢያ ይቆያል፤ እርሷ ግን ጠዋት በልታ ከቀትር ታቆማለች። እኔን የሚነካኝ ሌላው ነገር ነው። በሰው ቤት ተቀጥራ፣ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ሆኖ፣ የዕረፍት ቀን እንኳ ሳይኖራት ይህን ቃል መያዝ ትችል ነበር። ቤተ መቅደስ መሄድ ሊከለክሏት ይችላሉ፤ ከቀትር በኋላ አለመብላትን ግን ማንም አይቀማትም። በዚያ ቤት ውስጥ ሙሉ በሙሉ የራሷ የሆነ አንድ ነገር ነበራት።

ቃል ሳልገባም አልሰርቅም፣ አልገድልም። ታዲያ ቃሉ ምን ይጨምርልኛል?

ፓሊ በሚባለው የጥንት ህንድ ቋንቋ የተጻፉትን የቡድሂስት መጻሕፍት ያብራሩ የጥንት ሊቃውንት ከክፉ መራቅን በሦስት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው ቃል ሳይገቡ፣ አጋጣሚው ሲመጣ «ይህ ለእኔ አይገባም» ብሎ መተው ነው። ምሳሌያቸው ቻካና የተባለ የስሪላንካ ልጅ ነው። እናቱ ትታመምና ሐኪም ትኩስ የጥንቸል ሥጋ ያዝላታል። ወንድሙ ወደ እርሻ ይልከዋል፤ ልጁም ጥንቸል ይይዛል። ነገር ግን የእናቴን ሕይወት ለማትረፍ የሌላውን ነፍስ እንዴት አጠፋለሁ ብሎ ይለቅቃታል። ባዶ እጁን ተመልሶ «ከተወለድኩ ጀምሮ ዐውቄ ነፍስ አላጠፋሁም» አለ፤ በዚህ እውነት እናቱ ዳነች ይላል ታሪኩ።

ሁለተኛው በገቡት ቃል መራቅ ነው። አንድ ገበሬ ከሽማግሌ መነኩሴ ዘንድ ሕግጋቱን ተቀብሎ ወደ እርሻው ይመለሳል። በሬው ይጠፋበትና ፍለጋ ተራራ ሲወጣ ትልቅ ዘንዶ ይጠመጠምበታል። ቢላዋ በእጁ አለ። ልቁረጠው ይላል፤ ደግሞም ከመምህሬ የወሰድኩትን ቃል እንዴት አፈርሳለሁ ይላል። እንዲህ ሦስት ጊዜ ካመነታ በኋላ፣ ሕይወቴ ይለፍ እንጂ ቃሌን አልሽርም ብሎ ቢላዋውን ወደ ጫካ ይወረውራል፤ ዘንዶውም ለቅቆት ይሄዳል። ሦስተኛው ዓይነት የክፋት ሥሩ የተነቀለለት ሰው ነው፤ እርሱ የመግደል ሐሳብ እንኳ አይመጣበትም።

የፊተኞቹን ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን ብናያቸው መልሱ ይገኛል። ልጁን ያቆመው ርኅራኄው ነው፤ ጥንቸሏ ግን አልነከሰችውም፣ አላስፈራራችውም። ገበሬው በዚያች ደቂቃ ለዘንዶ የሚሆን ርኅራኄ ከየት ያመጣል? እጁን የያዘው በሰላሙ ጊዜ የተናገረው ቃል ነው። እኔ የቃል ጥቅም እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ፤ ደግነታችን ተፈልጎ በሚታጣበት ሰዓት ቃሉ በቦታው ይገኛል። በሰኞ ገበያ በርበሬ የሚመዝን ነጋዴ በደህናው ቀን ሚዛን አያጓድልም። የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ክፍያ በአንድ ላይ በመጡበት ቀን ግን ከራሱ ጋር ክርክር ይገጥማል፤ እንዲህ ያለውን ክርክር ሰው ሁልጊዜ አይረታም። ቃል የገባው ክርክሩን የጨረሰው ገዢ ፊቱ ባልቆመበት፣ ልቡ ባልታወከበት ጊዜ ነው። ቫሱባንዱ የተባለው የህንድ ሊቅ ደግሞ ከዚህ አልፎ፣ ቃል የገባ ሰው ተኝቶ ሳለ እንኳ ቃሉ አብሮት እንደሚኖር አስተምሯል።

ጥቅሙ ለራስ ብቻ ነው?

አይደለም። በፓሊ መጻሕፍት ውስጥ ቡድሃ አምስቱን ሕግጋት «ታላላቅ ስጦታዎች» ይላቸዋል። ከመግደል የሚታቀብ ሰው ቁጥር ለሌላቸው ፍጥረታት ከፍርሃት ነጻ መሆንን ይሰጣል፤ ራሱም ከዚያ ነጻነት ይካፈላል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ቤቱን ዘግቶ የሸሸ፣ ወይም ሳይሸሽ በር ሲንኳኳ ልቡ የቆመበት ሰው ይህን አባባል ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። «እኔን አትፍራኝ» ማለት የሚቻለው ሰው ለጎረቤቱ የሚሰጠው ከዚህ የሚበልጥ ነገር ምን አለ?

ባፈርሰውስ? ተስሎ ካለመፈጸም አለመሳል ይሻላል ይባል የለም?

ይባላል፤ መጽሐፈ መክብብም እንዲሁ ይመክራል። ለምእመኑ አምስት ሕግጋት ግን ነገሩ ይለያል። ያፈረሰ ሰው ጥፋቱን ያምናል፣ ቃሉን እንደገና ይወስዳል። ቡድሃ ለልጁ ለራሁላ የሰጠው ምክር ይህ ነው፤ በአካል ወይም በአንደበት ክፉ ሠርተህ ከተገኘህ ለመምህርህ ወይም ለአስተዋይ ባልንጀራህ ግለጥ፣ ወደፊትም ተጠበቅ። መነኮሳትም ጨረቃ ስትጠፋና ስትሞላ በየአሥራ አምስት ቀኑ ገደማ ተሰብስበው ሕጋቸውን በቃል ያነብባሉ፤ ከዚያ በፊት የበደለ በደሉን ይናዘዛል።

መፍረሱ ራሱም መመዘኛ አለው። መግደል ነው የሚባለው አምስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ ሕይወት ያለው ፍጡር መኖሩ፣ ሕይወት እንዳለው ማወቅ፣ የመግደል ሐሳብ፣ ድርጊት፣ በድርጊቱም መሞቱ። ሳያይ ጉንዳን የረገጠ ገበሬ ቃሉን አላፈረሰም።

ይህ ልል መስሎ የሚታየው ሰው እንዳለ ዐውቃለሁ። ሰኞ ዋሽቶ፣ ቅዳሜ ቃሉን አድሶ፣ ሰኞ ደግሞ ለመዋሸት የሚዘጋጅ ሰው ከቃሉ የሚያተርፈው ምንም የለም። እንደዚያ ላለው የመክብብ ምክር ይበጀዋል።

ጠላ መቅመስም ይከለከላል? ጫትስ?

የአምስተኛው ሕግ ቃል የተጠመቀንና የተጣራን መጠጥ ይጠቅሳል፤ ምክንያቱንም አብሮ ይናገራል፤ ሰውን ያዘናጋል። በጥብቅ የሚይዙት አንድ ብርሌ ጠጅም አይቀምሱም። ሌሎች መስከርን እንጂ መቅመስን አይከለክልም ይላሉ። እኔ በጥብቅ ከሚይዙት ጋር ነኝ፤ ሌሎቹን አራቱን ሕግጋት የሚያፈርስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ነውና።

ጫት በጥንቱ ጽሑፍ ውስጥ የለም። የዛሬ መምህራን ሕጉን ወደ አደንዛዥ ዕፆች ያሰፉታል፤ መለኪያቸውም ያው መዘናጋት ነው። በወሎ ዱዓ ላይ አባቶች በሥርዓት የሚይዙት ጫት አለ፤ ከምሳ እስከ ምሽት ሥራና ቤተሰብ የሚያስረሳ ጫትም አለ። ሁለቱን አንድ ነው የሚል ወሎን አያውቅም። ቃሉን የሚገባ ሰው ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው ከቃምኩ በኋላ ንቁ ነኝ ወይስ ተዘናግቻለሁ ብሎ ነው። መልሱን ከእርሱ ይልቅ ሚስቱ ልታውቀው ትችላለች።

ሥጋ መብላትስ? ሥጋ ቤት ወይም ቢራ ፋብሪካ መሥራትስ?

ሕጉ የሚከለክለው መግደልን ነው። በስሪላንካና በታይላንድ መነኮሳት ለእነርሱ ተብሎ መታረዱን ካላዩ፣ ካልሰሙና ካልጠረጠሩ ሥጋ ይበላሉ። የቻይና መነኮሳት ግን ፈጽሞ አይበሉም። በጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1872 ባወጣው ድንጋጌ መነኮሳት ሥጋ እንዲበሉና እንዲያገቡ ፈቅዷል።

ስለ ሥራ፣ ምእመን ሊነግድባቸው የማይገቡ አምስት ነገሮች ተቆጥረዋል፤ የጦር መሣሪያ፣ ነፍስ ያላቸው ፍጥረታት፣ ሥጋ፣ አስካሪ መጠጥ፣ መርዝ። የተነገረው ስለ ንግድ ነው። በፋብሪካ ጠርሙስ እያጠበ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሠራተኛ ከባለሀብቱ ጋር እኩል ይጠየቃል ማለት ለእኔ ፍትሕ አይመስለኝም። ሌላ ሥራ ሲያገኝ ቢለቅቅ መልካም ነው፤ ልጆቹን አስርቦ እንዲለቅቅ የሚጠይቀው ሕግ ግን የለም።

በእኛ ቆብ መጣል ነውር ነው። በታይላንድ ለሦስት ወር መመንኮስ ይቻላል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በታይላንድ ወጣቶች ከትዳር በፊት ለአንድ ክረምት መመንኮስ የቆየ ልማድ አላቸው። ወቅቱም ከእኛ ክረምት ጋር ይቀራረባል፤ ከሐምሌ ሙሉ ጨረቃ ማግስት ጀምሮ ሦስት ወር ነው። ንጉሥ ቡሚቦል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1956 ለ15 ቀናት መንኩሷል። መውጣት የፈለገ መነኩሴ ሥልጠናውን መተዉን በሰው ፊት ተናግሮ ያለ ነቀፋ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሩካቤ የፈጸመ፣ የሰረቀ፣ ሰው የገደለ፣ ወይም ያልደረሰበትን የመንፈስ ከፍታ ደርሻለሁ ብሎ ዐውቆ የዋሸ መነኩሴ ግን ምንኩስናው በዚያው ያበቃል።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሲመነኩሱ ጸሎተ ፍትሐት ይደገማል፤ ለዓለም ሞቷልና መመለሻ የለውም። ሁለቱ አመለካከቶች የሚራራቁት እዚህ ነው። ሆኖም አጭር ቃል ቀላል ቃል ማለት አይደለም። ለ15 ቀን የመነኮሰውም ቢሆን በእነዚያ ቀናት 227ቱም ሕግጋት ያለ ቅናሽ ይይዙታል።

ሕጉን በተግባር መጠበቅ ከበቃ፣ ሴቶች ሙሉውን የምንኩስና ቃል ለመግባት ለምን ይታገላሉ?

የቃልን ዋጋ ከዚህ ታሪክ የበለጠ የሚያሳይ አላገኘሁም። በስሪላንካ የሙሉ መነኮሳይያት ሐረግ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ዐሥር ወይም ስምንት ሕግጋት ይዘው፣ ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ በምንኩስና ሥርዓት የኖሩ ብዙ ሴቶች አሉ፤ ማኅበሩ ግን እንደ ሙሉ መነኮሳይያት አይቆጥራቸውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ኩሱማ የተባሉትን ምሁር ጨምሮ ዐሥር የስሪላንካ ሴቶች በህንድ ሳርናት ሙሉውን ቃል ገቡ። ታይላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1928 የወጣ ትእዛዝ መነኮሳት ሴቶችን እንዳያመነኩሱ ስለሚከለክል፣ የዩኒቨርሲቲ መምህርት የነበሩት ዳማናንዳ ስሪላንካ ሄደው እ.ኤ.አ. በ2003 መነኮሱ።

የጠየቁት ቀንበር እንደሆነ ያውቁ ነበር። የሴቶቹ ሕግጋት 311 ናቸው፤ ከወንዶቹ ይበዛሉ። መቶ ዓመት የመነኮሰች ሴት ዛሬ ለመነኮሰ ወንድ እጅ ትነሣለች የሚል ሕግም አለበት፤ ይህ ፍትሐዊ ነው ብዬ ልከራከርለት አልችልም። ሴቶቹ ይህን ሁሉ እያወቁ የፈለጉት በግል ጥንካሬ የማይገኘውን ነው። ማኅበር የተቀበለው ቃል ምስክር አለው፤ የሚያስተምር፣ የሚገሥጽ፣ ስትደክሚ የሚደግፍ ሰው አለው። ብቻውን የሚጠብቅ ሰው ከእነዚህ አንዱም የለውም።

«ፍጥረትን ሁሉ አድናለሁ» የሚለው የቦዲሳትቫ ቃልስ? የማይፈጸም ቃል መግባት ውሸት አይሆንም?

ቦዲሳትቫ የሚባለው ፍጥረትን ሁሉ ለማዳን ሲል ቡድሃ ለመሆን የሚጥር ሰው ነው። በቻይና፣ በኮሪያ፣ በጃፓንና በቬትናም የሚደገመው ቃል ይዘቱ እንዲህ ነው፤ ፍጥረታት ስፍር የላቸውም፣ ሁሉንም ላድን ቃል እገባለሁ፤ ክፉ ምኞቶች ማለቂያ የላቸውም፣ ሁሉንም ላጠፋ ቃል እገባለሁ፤ ትምህርቱ ወሰን የለውም፣ ሁሉንም ልማር ቃል እገባለሁ፤ የቡድሃ መንገድ ከሁሉ በላይ ነው፣ እርሱን ልፈጽም ቃል እገባለሁ። እንደማይቻል የሚናገረው ቃሉ ራሱ ነውና ማንንም አያታልልም። ሰውየው የሚያስረው ውጤቱን ሳይሆን ፊቱን ነው፤ ከማንም ፊቴን አላዞርም ማለቱ ነው። ስለዚህም በቲቤታውያን ትምህርት አምስቱ ሕግጋት በሞት ሲያበቁ ይህ ቃል ወደሚቀጥሉት ሕይወቶች ይሻገራል። የሚፈርሰውም «ይህን ሰው ግን ምንም ቢመጣ አልረዳውም» ብሎ አንድን ፍጡር ከልብ በማስወጣት ነው።

አንድ ነገር ግን እጨምራለሁ። አምስቱን ሕግጋት ሳይዝ ይህን ቃል የሚያስቀድም ሰው አያሳምነኝም። ዛሬ ዋሸሁ ወይስ አልዋሸሁም የሚለው ማታ ማታ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነው፤ ዓለምን ምን ያህል አዳንኩ የሚለው ግን ለራስ ለመዋሸት የተመቸ ነው።

ክርስቲያን ወይም ሙስሊም ሆኜ አምስቱን ቃል መግባት እችላለሁ?

ከአምስቱ አብዛኛው ይዘት ለማንኛውም የደሴ ሰው እንግዳ አይደለም፤ አለመስረቅንና አለመዋሸትን ከእናቱ ተምሯል። ችግሩ ያለው መጠጊያው ላይ ነው። በልማዱ ሥርዓት መጠጊያው ከሕግጋቱ ይቀድማል፤ «በቡድሃ እጠጋለሁ» ብሎ ከልቡ የተናገረ ሰው ሃይማኖቱን ተናግሯል። አንዳንድ መምህራን ይህን ያላሉታል፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ያረፉት ቬትናማዊው ቲች ናት ሃን ሰዎች የተወለዱበትን ሃይማኖት እንዳይነቅሉ ይመክሩ ነበር። በሌላ በኩል የህንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት አምበድካር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 1956 በናግፑር ከብዙ መቶ ሺሕ ተከታዮቻቸው ጋር ቡድሂስት ሲሆኑ 22 ቃሎችን ጨምረዋል፤ በእነዚህም የሂንዱ አማልክትን እንደማያመልኩ በግልጽ ተናግረዋል። በዚያ ቀን ቃሉ ዋና በር ነበር፤ ከኋላ ይዘጋል።

በአንድ ቤት ሙስሊም አጎትና ክርስቲያን አክስት አብረው ቡና በሚጠጡበት ወሎ፣ ሦስተኛ ሃይማኖት ቢጨመር ምን ችግር አለው የሚሉኝ ወጣቶች አሉ። ያ አብሮነት የቆመው ግን እያንዳንዱ የራሱን ዐውቆ በመያዙ ነው፤ ሳይታወቅ በመደባለቁ አይደለም። የሚፈልጉት ሥልጠናውን ከሆነ ለንስሐ አባትዎ ወይም ለሼኩ ይንገሩ፤ ከአምስቱ አንዱን፣ ለምሳሌ አለመዋሸትን፣ ለተወሰነ ጊዜ በእነርሱ ምስክርነት ይያዙ። የሚፈልጉት መጠጊያውን ከሆነ ደግሞ ለቤተሰብዎ ሳይነግሩ አይግቡ። አራተኛው ሕግ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሠራል።